ቀስ ብላ የምትበር የሪሞት አውሮፕላን፦ ሚዛኗን ማስያዝና መንከባከብ

ቀስ ብላ የምትበር የኤሌክትሪክ አውሮፕላን ለጀማሪ የምትመከረው ጊዜ ስለምትሰጥ ነው። ግራና ቀኙ ቢምታታባችሁ እንኳ ለማረም አንድ ሁለት ሰከንድ ታገኛላችሁ። ፈጣኗ ይህን አታውቅም። ነገር ግን ይቺ ቀርፋፋ አንድ አመል አላት። ክብደቷ ያለቦታው ከተቀመጠ አትታረቅም። ሞተር ቀይሩላት፣ ውድ ሪሞት ግዙላት፣ ያው ናት።

«ሞተሩ ደካማ ነው»፣ «ዛሬ ነፋስ አለ»፣ «እኔ አልቻልኩበትም» ከሚባልባቸው ችግሮች አብዛኞቹ ሲጣሩ የሚዛን ችግር ሆነው ይገኛሉ። ስለዚህ ሥራው ቅደም ተከተል አለው፣ በዚህ አልደራደርም። መጀመሪያ አካሏ ቀጥ ማለቱን አረጋግጡ። ቀጥሎ ክብደቷን ቦታ አስይዙ። ከዚያ የሞተሩን አቅጣጫ እዩ። ትሪም፣ ማለትም የመሪዎቹን መሃል ከሪሞቱ ላይ በጥቂቱ የማስተካከል ሥራ፣ የመጨረሻው ነው። ብዙ ሰው ግን ከመጨረሻው ይጀምርና ሲነካካ ይውላል።

እዚህ በምሳሌነት የምወስደው የታይዋኑ ኩባንያ ጂ.ደብልዩ.ኤስ ያስለመዳትን የስሎው ስቲክ ዓይነት ነው። አካሏ አራት ማዕዘን የአሉሚኒየም ዘንግ ብቻ ነው። ክንፏ ስስ ፎም ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ 118 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ባትሪዋን ይዛ ወደ 420 ግራም ትመዝናለች። ሦስት ቻናል ይበቃታል፦ ሞተር፣ ወደ ግራና ቀኝ የሚያዞረው ራደር፣ አፍንጫዋን የሚያነሳውና የሚደፋው ኤሌቬተር። ክንፎቿ ወደ ላይ ቀና ስላሉ በራደር ብቻ ተንጋድዳ ትዞራለች። የእናንተ ሌላ ዓይነት ብትሆን ወይም ከፎም ቆርጣችሁ የሠራችኋት ብትሆን ቁጥሮቹ ይለያዩ ይሆናል። አሠራሩ ግን ያው ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ብዙ አይደለም። ማስመሪያ፣ ማርከር፣ ግራም የሚያነብ የኩሽና ሚዛን፣ ትንሽ ካቻቢቴ፣ ስኮች፣ ብርጭቆ ወረቀትና ቬልክሮ። ለክብደት ደግሞ ጎሚስታ ዘንድ ጎራ በሉ። ለመኪና ጎማ ባላንስ የሚለጥፏቸው ባለ 5 እና ባለ 10 ግራም ቁርጥራጮች ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ይመስላሉ። ከኋላቸው ማጣበቂያ አላቸው፣ በመቀስም ይነጣጠላሉ።

1. መጀመሪያ ቀጥ ትበል

አውሮፕላኗን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ሦስት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሄዳችሁ ከጭራዋ በኩል እዩአት። የጭራው ጠፍጣፋ ክፍል ከክንፉ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። የቆመው ክፍል ደግሞ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ከሁለቱ የክንፍ ጫፎች እስከ ጭራው መሃል ድረስ በክር ለኩ። የግራው ከቀኙ ጋር እኩል ካልሆነ ክንፉ ጠምዘዝ ብሎ ተቀምጧል ማለት ነው። ክንፉን የያዘውን ላስቲክ አላልታችሁ አስተካክሉት።

ቀጥሎ የክንፉን መጣመም እዩ። የአንዱ ክንፍ የኋላ ጠርዝ ከሌላው ዝቅ ብሎ ከታየ ያ ክንፍ የበለጠ ያነሳል። አውሮፕላኗም ሁልጊዜ ወደ ሌላኛው ጎን ትጋደላለች። ይህን በራደር ትሪም መሸፋፈን ይቻላል። ግን ፍጥነቷ በተቀየረ ቁጥር መጋደሉ ይመለሳል። መድኃኒቱ ሙቀት ነው። በፀጉር ማድረቂያ ራቅ አድርጋችሁ፣ አንድ ቦታ ሳታቆሙ፣ ፎሙን ለብ አድርጉት። ከዚያ ከሚፈለገው ትንሽ አሳልፋችሁ ወደ ተቃራኒው ጠምዝዙና እስኪቀዘቅዝ ያዙት። አንዴ ካልበቃው ድገሙት። ካስጠጋችሁት ፎሙ ይኮማተራል፣ ያ ደግሞ መመለሻ የለውም።

2. የስበት ማዕከሉ የት ይሁን?

ከሁሉም የሚበልጠው ሥራ ይህ ነው። የስበት ማዕከል ማለት አውሮፕላኗ ብትደገፍ ሚዛኗን ጠብቃ የምትቆምበት ነጥብ ነው።

የክንፉን ወርድ ለኩ፤ ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ። ክንፉ ከሥር እስከ ጫፍ እኩል ወርድ ካለው ነገሩ ቀላል ነው። የስበት ማዕከሉ ከፊት ጠርዝ ተለክቶ ከወርዱ ከ25 እስከ 33 በመቶ ባለው ውስጥ መውደቅ አለበት። ወርዱ 27 ሴንቲሜትር ከሆነ ከ6.75 እስከ 9 ሴንቲሜትር ማለት ነው። አምራቹ በመመሪያው ቁጥር ከሰጠ የሱን ተከተሉ። ካልሰጠ ወይም መመሪያው ከጠፋ 8 ሴንቲሜትር ላይ ጀምሩ፣ ይህም ወርዱ ላይ 30 በመቶ ገደማ ነው። ከተጠራጠራችሁ ወደ ፊት አድሉ። አፍንጫዋ የከበደ አውሮፕላን ትሰንፋለች እንጂ ትታዘዛለች። ጭራዋ የከበደ ግን ገና ከእጃችሁ ስትወጣ አፍንጫዋን ሰቅላ ትቆምና ትወድቃለች።

ነጥቡን ከክንፉ ሥር፣ ከአካሉ ግራና ቀኝ እኩል ርቀት ላይ፣ በማርከር ምልክት አድርጉ። ምልክቱ ላይ ቀጭን የስኮች ቁራጭ ደርባችሁ ለጥፉ። በጣት ስትነኩት ሳታዩም ይታወቃችኋል፤ ሜዳ ላይ ፀሐይ ዓይናችሁን ስትወጋ ይህ ጥቅሙ ይታያል።

አሁን አውሮፕላኗን ልክ ለመብረር እንደተዘጋጀች አድርጓት። ባትሪ፣ ፕሮፔለር፣ ጎማ፣ ላስቲክ፣ ሁሉም ቦታው ይሁን። ባትሪው አይሰካ፤ መቀመጥ ብቻ ነው ያለበት። ሁለት አመልካች ጣቶቻችሁን ምልክቶቹ ሥር አድርጋችሁ አንሷት። ክንፏ ከላይ የሆነ አውሮፕላን በቁሟ ትመዘናለች። ክንፏ ከአካሏ ሥር ከሆነ ግን ገልብጣችሁ ነው የምትመዝኗት፤ አለዚያ ክብደቱ ከጣታችሁ በላይ ስለሚሆን ስትንገዳገድባችሁ ትኖራለች። ጣት የሚንቀጠቀጥበት ሰው ሁለት ላጲስ ያላቸው እርሳሶች ጣውላ ላይ አቁሞ በላጲሱ በኩል ሊያሳርፋት ይችላል።

አፍንጫዋ ለአመል ያህል ዝቅ ካለ ደግ ነው። ጭራዋ ከወደቀ ሥራ አለባችሁ።

3. ክብደት ከመጨመር በፊት ባትሪውን አንቀሳቅሱ

ብዙ ሰው ጭራዋ ሲከብድ ወዲያው አፍንጫዋ ላይ የእርሳስ ብረት ክብደት ይለጥፋል። ይህን ለመጨረሻ አቆዩት። የተጨመረ ግራም ሁሉ ፍጥነት ይጠይቃል። ቀስ ብላ እንድትበር ገዝታችኋት ራሳችሁ ታስቸኩሏታላችሁ። 420 ግራሟ ላይ 50 ግራም ብትጨምሩ ሳትወድቅ ልትበርበት የምትችለው ዝቅተኛ ፍጥነት ወደ 6 በመቶ ከፍ ይላል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 400 ግራም የምትመዝን አውሮፕላን የስበት ማዕከሏ ከሚፈለገው 1 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ቀርቷል እንበል። 400 በ1 ሲባዛ 400። ባትሪዋ 100 ግራም ከሆነ 400ን ለ100 አካፍሉ። 4 ሴንቲሜትር ወደ ፊት ግፏት፣ አለቀ። ባትሪዋን የምታስጠጉበት ቦታ ከሌለ ብቻ ወደ እርሳስ ሂዱ። አፍንጫዋ ከስበት ማዕከሉ 25 ሴንቲሜትር የሚርቅ ከሆነ 400ን ለ25 አካፍሉ። 16 ግራም ያስፈልጋችኋል። ሁለቱን አወዳድሯቸው፤ በአንደኛው መንገድ ምንም ግራም አልጨመራችሁም።

ከጭራ ላይ ማቅለል ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ረጅም እጀታ ያለው ቁልፍ ብሎን በትንሽ ጉልበት እንደሚፈታ ሁሉ ጭራ ላይ ያለች ትንሽ ነገር ትልቅ ጉልበት አላት። ጭራው ከማዕከሉ 60 ሴንቲሜትር ከራቀ እዚያ ያለ 1 ግራም አፍንጫ ላይ 2.4 ግራም ያስከፍላችኋል። ጭራ ላይ የተለጠፈ ስቲከር፣ የተከመረ ማጣበቂያ፣ ለጌጥ የተቀባ ቀለም፣ ሁሉም ተቆጣሪ ነው።

ሚዛኑ ሲያዝ ባትሪው የተቀመጠበትን ቦታ ዘንጉ ላይ በማርከር አስምሩ። ቬልክሮ ብቻውን አይበቃም፣ በማሰሪያም እሰሩት። ባትሪ በአየር ላይ ሸርተት ቢል ሚዛኑም አብሮ ይሄዳል። ከአንድ በላይ ባትሪ ካላችሁ እያንዳንዱን መዝኑና ክብደቱን ላዩ ላይ ጻፉበት። መጠናቸው እኩል የተጻፈ ሁለት ባትሪዎች ከ15 እስከ 20 ግራም ሊለያዩ ይችላሉ። ዘንጉ ላይ ለየባትሪው የየራሱን መስመር አድርጉለት።

4. ግራና ቀኝ

አንድ ሰው የሞተሩን ዘንግ በሁለት ጣት ይያዝ፣ ሌላው የጭራውን ጫፍ። አንሷትና ልቀቋት፤ የከበደው ክንፍ ይወርዳል። ሦስት አራት ጊዜ ደጋግማችሁ ያው ክንፍ ከወረደ በቀለለው ክንፍ ጫፍ ላይ ትንሽ ክብደት ለጥፉ። ሁለት ሦስት ግራም አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከጠየቀ አንዱ ክንፍ ውስጥ የቀድሞ ጥገና ማጣበቂያ ተጠራቅሟል ማለት ነው፣ እሱን ፈልጉ።

5. ፕሮፔለሩንም መዝኑ

የቀርፋፋ አውሮፕላን ፕሮፔለር ትልቅና ቀጭን ነው። 8 በ3.8 ወይም 10 በ4.7 ኢንች የተለመዱ ናቸው። የመጀመሪያው ቁጥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ርዝመት ነው። ሁለተኛው በአንድ ዙር ሊሄድ የሚችለው ርቀት ነው። ሚዛኑ የተዛባ ፕሮፔለር ይንቀጠቀጣል። ንቅጥቅጡ ቪቴ ያላላል፣ ማጣበቂያ ያስለቅቃል፣ የሞተሩን ኩሽኔታ ይበላል።

ቀዳዳው ውስጥ ቀጥ ያለ ለስላሳ ብረት አስገቡና ብረቱን በሁለት እኩል ብርጭቆዎች አፍ ላይ አሳርፉት። የከበደው ምላስ ወደ ታች ይሄዳል። በቀለለው ምላስ ጀርባ ላይ የስኮች ቁራጭ ለጥፉ፣ ወይም የከበደውን በብርጭቆ ወረቀት ከጀርባው በኩል በትንሹ ሞርዱት። ወደየትም ሳይሄድ አግድም ሲቆም ጨርሳችኋል። ስንጥቅ ያለበት ፕሮፔለር ግን አይመዘንም፣ አይጠገንም፤ ይጣላል። ዋጋው ከዓይናችሁ አይበልጥም።

ስትገጥሙት ቁጥር የተጻፈበት ፊት ወደ ፊት ይዙር። ተገልብጦ ከተገጠመ ሞተሩ እየጮኸ አውሮፕላኗ አትጎተትም፤ ያኔ ነው «ሞተሩ ደካማ ነው» የሚባለው። ፕሮፔለሩን የሚይዘው የጎማ ቀለበት ከሆነ ቀለበቱን በየጊዜው ዘርጋችሁ እዩ። ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ትንሽ መሰንጠቅ ሲጀምር ቀይሩት።

6. ሞተሩና መሪዎቹ

ከዚህ በኋላ ባትሪ ስለምትሰኩ መጀመሪያ ፕሮፔለሩን አውልቁ። ቤት ውስጥ የሚደረግ ማንኛውም ፍተሻ ያለ ፕሮፔለር ነው። ቅደም ተከተሉም ሪሞት፣ ቀጥሎ ባትሪ ነው። ስትጨርሱ ደግሞ ባትሪ፣ ቀጥሎ ሪሞት።

ከኋላ ሲታይ ሞተሩ ወደ ግራ የሚዞር ከሆነ ሦስቱ ሽቦዎች ውስጥ ማናቸውንም ሁለቱን አቀያይሩ፣ ዙሩ ይገለበጣል። ይህ ብሩሽ የሌለውን ሞተር ይመለከታል።

የሞተሩ አፍ ሁለት ሦስት ዲግሪ ወደ ታች፣ ሁለት ዲግሪ ገደማ ደግሞ ወደ ቀኝ ቢያዘነብል ጥሩ ነው። ክንፏ ብዙ የሚያነሳ አውሮፕላን ሞተር ሲጨመርባት አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ታነሳለች። ዝንባሌው ይህን ያረግበዋል። ለማዘንበል የሞተሩ መያዣ ሥር ከላይ በኩል አንድ ስስ ሮንዴላ ማስገባት ይበቃል።

መሪዎቹን ከኋላ ቆማችሁ ፈትሹ። ሪሞቱ ላይ ያለውን የራደር እንጨት (ማንሻውን) ወደ ቀኝ ስትገፉ የራደሩ የኋላ ጠርዝ ወደ ቀኝ መሄድ አለበት። እንጨቱን ወደ ራሳችሁ ስትስቡ ኤሌቬተሩ ወደ ላይ መነሳት አለበት። ስትለቁት ሁለቱም በትክክል መሃል መመለስ አለባቸው። ካልተመለሱ ትሪሙን አትንኩ። የሽቦው ዘንግ ተጣሞ ወይም የሆነ ቦታ እየተፋተገ ነው። ትሪሙ መሃል ላይ እያለ የዘንጉን ርዝመት በማሳጠር ወይም በማስረዘም አስተካክሉ።

7. ያለ ሞተር መወርወር

ረጅም ሳር ያለበት ሜዳ ፈልጉ። ነፋስ አለመኖሩ ይመረጣል፤ ካለ ደግሞ ፊታችሁን ወደሱ አዙሩ። ፕሮፔለሩ ተመልሶ ተገጥሟል፣ ሪሞቱም ባትሪውም በርተዋል፣ ሞተሩ ግን ጠፍቷል። አውሮፕላኗን ከስበት ማዕከሏ ሥር ያዙና በትከሻ ከፍታ፣ አፍንጫዋን ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ቀጥ ባለ መስመር ግፏት። ወደ ላይ አትወርውሯት።

በቀስታ ተንሸራትታ ወደ 10 ሜትር ሄዳ ካረፈች እጃችሁን ተጨባበጡ። አፍንጫዋን ቀና አድርጋ፣ ቆም ብላ፣ ቁልቁል ከወረደች ጭራዋ ከብዷል። ባትሪዋን በግማሽ ሴንቲሜትር ወደ ፊት ግፉና ድገሙት። ቀጥ ብላ መሬት ከነከሰች አፍንጫዋ ከብዷል፣ ወይም ወርዋሪው ሰንፏል። ሌላ ሰው ይወርውራትና አረጋግጡ። ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ከዞረች ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ፤ ክንፉ ጠማማ ነው።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ባትሪም ትሪምም አብራችሁ ከነካካችሁ የትኛው እንዳዳናት አታውቁም።

8. በሞተር ማብረርና የመጨረሻው ፈተና

ሰዓቱ ማለዳ ይሁን። አዲስ አበባ ላይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው አየር ብዙ ጊዜ የረጋ ነው። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሳል፤ ቀንበጥ የሚያወዛውዝ ነፋስ ለዚህች አውሮፕላን በቂ ጠላት ነው። ቀደም ብላችሁ የሪሞቱን ርቀት ፈትሹ። አብዛኞቹ ባለ 2.4 ጊጋኸርዝ ሪሞቶች ኃይል ቀንሶ መፈተሻ አላቸው። በዚያ ሁኔታ 30 እርምጃ ርቃችሁ መሪዎቹ ያለ መቆራረጥ መታዘዝ አለባቸው። ሪሞቱ ቢጠፋ ሞተሩ በራሱ መቆሙንም ያለ ፕሮፔለር አረጋግጡ።

ከፍታ ከያዘች በኋላ ሞተሩን ወደ ግማሽ አውርዱና ቀጥ ብላ እንድትሄድ በትሪም አስተካክሏት። አዎ፣ አሁን ነው የትሪም ጊዜው። ከዚያ ሁለት ነገር ሞክሩ። አንደኛ፣ ሞተሩን ሙሉ ስጧት። ያለ ሞተር ስትንሸራተት ደህና ሆና በሙሉ ሞተር አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ከሰቀለች ችግሩ ሚዛን አይደለም። የሞተሩ አፍ የበለጠ ወደ ታች ይዘንብል።

ሁለተኛው የሚዛኑ ትክክለኛ ፈተና ነው። በቂ ከፍታ ላይ ሞተሩን ዝጉ። አፍንጫዋን ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ቁልቁል አድርጉና እንጨቱን ልቀቁ። ቀስ ብላ በራሷ ከተቃናች ልክ ናት። ወዲያው በኃይል ወደ ላይ ከተመዘዘች አፍንጫዋ ከብዷል፤ ክብደቱን በኤሌቬተር ትሪም ተሸክማችሁት ነበር። ባትሪዋን ትንሽ ወደ ኋላ አድርጉና ትሪሙን መልሱ። ይባስ ብላ ቁልቁል ከገባች ጭራዋ ከብዷል፤ ቶሎ አንሷትና አውርዷት። ከ30 ዲግሪ በላይ አትድፏት፤ ስስ ክንፍ ፍጥነት ሲበዛበት ይታጠፋል።

ከፍታ ላይ ስታበሩ

አውሮፕላኗን ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዱባይ ይዘው ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ ሰዎች «እዚያ ደህና ነበረች፣ እዚህ ምን ነካት?» ይላሉ። የነካት አየሩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ዳርቻው ወደ 79 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ያው ክንፍ ያንኑ ክብደት ለመሸከም 12 በመቶ ገደማ ፈጥኖ መሄድ አለበት። ባሕር ዳርቻ ላይ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ይበቃት የነበረችው አዲስ ላይ ወደ 18 ትፈልጋለች። ፕሮፔለሩም በያው ዙር የሚጎትተው በአምስተኛ ያህል ይቀንሳል።

የስበት ማዕከሉ ግን አይለወጥም። ባትሪዋን አታንቀሳቅሱ። ጠንከር አድርጋችሁ ልቀቋት፣ ስትዞር ፍጥነት አትንፈጓት፣ ስታርፍም ሜዳው ትንሽ ረዘም ይበል። ሞተሩ ከሰነፈባችሁ ፕሮፔለሩን በአንድ ኢንች ማሳደግ ይቻላል። ከአንድ ደቂቃ ሙሉ ጉልበት በኋላ ሞተሩን ንኩት፤ ጣታችሁን ማቆየት ካቃታችሁ ወደ ትንሹ ተመለሱ።

ስለ ጉዞው ካነሳን፣ የሊቲየም ባትሪ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ አይጫንም። ጫፉ በናስትሮ ተሸፍኖ ከእናንተ ጋር ወደ ካቢን ይገባል። ድሮን ያለ ቅድመ ፈቃድ ወደ ኢትዮጵያ አይገባም። ይቺኛዋ ካሜራ ባይኖራትም ቦሌ ላይ ከመከራከር ሳትነሱ መጠየቅ ይሻላል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ከ250 ግራም በላይ የምትመዝን ከሆነ የአገሩ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ኤፍ.ኤ.ኤ ዘንድ ተመዝገቡ፤ ትረስት የሚባለውን ነጻ ፈተናም ውሰዱ። አውሮፓም ምዝገባው 250 ግራም ላይ ይጀምራል፤ የከፍታው ጣሪያ 120 ሜትር ነው።

ባትሪው

ባለ ሁለት ሴል 7.4 ቮልት፣ 1000 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ ለዚህች አውሮፕላን ይበቃል። በአማካይ 5 አምፒር ብትጠጣ ሙሉው 12 ደቂቃ ይሆናል፤ ግን ሙሉውን አትጠቀሙ። ሰማንያ በመቶው ጋ፣ ከ9 እስከ 10 ደቂቃ ባለው፣ አውርዷት። ሪሞቱ ላይ ሰዓት ሙሉ፤ ደስታ ሰዓት ያስረሳል።

ሲሞላ እያንዳንዱ ሴል 4.20 ቮልት ነው። ከ3.0 በታች ከወረደ ይጎዳል። ሲሞላ በ1 አምፒር፣ ሴሎቹን እኩል በሚሞላ ባላንስ ቻርጀር፣ እሳት በማይዘው ነገር ላይ፣ ሰው ባለበት። ሳትበሩ ብዙ ቀን የምትቆዩ ከሆነ በየሴሉ 3.8 ቮልት ላይ አስቀምጡት። ሙሉውን ማስቀመጥ ቀስ ብሎ ይገድለዋል። ያበጠ ባትሪ «አንዴ ብቻ» ተብሎ አይበርም። ከወደቀች በኋላም ባትሪውን ነቅላችሁ ውጭ፣ ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተመልከቱት።

የባሕረ ሰላጤው አገር ሰዎች መኪና ውስጥ አትተዉት። ባትሪው ያብጣል፣ ፎሙ ይጣመማል፣ ማጣበቂያውም ይለቃል።

ከበረራ በኋላ

ሥራው አምስት ደቂቃ ነው፣ ግን አብዛኛው ሰው ይዘለዋል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ፤ ሞተሩ ውስጥ የገባ ሳርና ፀጉር ካለ በወረንጦ አውጡ። የሞተሩን ዘንግ በእጅ አዙሩ፤ ከተንገጫገጨ ኩሽኔታው ደርሷል። የጭራውን ማጠፊያ በቀስታ ሳብ አድርጉት፤ ከላላ አሁኑኑ አጣብቁት። የሰርቮዎቹን፣ ማለትም መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሱትን ትንንሽ ሞተሮች፣ ቪቴ ፈትሹ። ሰርቮው እንጨቱ ሳይነካ እየተንጫጫ ከሆነ ጥርሱ ተበልቷል ወይም ዘንጉ እየገፋው ነው። ዘንጉን ነቅላችሁ እዩ፤ ዝም ካለ ጥፋቱ የዘንጉ ነው። የክንፉን ላስቲኮች ፍቱ። ተወጥረው ካደሩ ይዝላሉ፣ ክንፉንም ይጎዱታል።

ለፎም ጥገና ተራ ሱፐር ግሉ አትጠቀሙ፤ ነጩን ፎም ይበላዋል። ቤንዚንና ቀጭን የቀለም ማቅጠኛም እንደዚሁ። ለፎም የተሠራው ዓይነት፣ የአምስት ደቂቃ ኢፖክሲ ወይም ነጭ ኮላ ይሁን። የተሰበረውን ፊት አትሞርዱት፤ ሻካራው ራሱ ቦታውን ይነግራችኋል። ሳታጣብቁ ገጥማችሁ ሞክሩ፣ ከዚያ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ በስኮች ይዛችሁ አሳድሩት። ክንፍ መሃሉ ላይ ከሆነ የተሰበረው በስብራቱ በኩል የካርቦን ዘንግ ቅበሩበት። ለትንሽ ስብራት ስቴኪኒ ይበቃል። የቪቴ ቀዳዳ ሲሰፋም ስቴኪኒ በኮላ ነክራችሁ አስገቡና ቆርጣችሁ ቪቴውን መልሱ።

ጥገና ባደረጋችሁ ቁጥር ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ። ጭራ ላይ የገባ ሦስት ግራም ኢፖክሲ ሚዛኑን ያዛባል፤ ሰው ግን «ከወደቀች ወዲህ ተበላሸች» ብሎ ይተዋታል።

ክረምት ሲገባ ክንፉን ከአካሉ ለዩና ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስተኙት። ግድግዳ ተደግፎ ከቆመ በሁለት ወር ይጎብጣል። ላስቲክና የፕሮፔለር ቀለበቶችን በፌስታል ውስጥ ጨለማ ቦታ አድርጉ። ባትሪውን በየወሩ ለኩት፤ ከ3.7 ከወረደ ወደ 3.8 መልሱት። መስከረም ላይ ስታወጧት ላስቲኮቹን አዲስ አድርጉ፣ ክንፉን ከኋላ ቆማችሁ እዩ፣ ከዚያ ጣታችሁን ከምልክቱ ሥር አድርጋችሁ ሚዛኗን ፈትሹ። የመጀመሪያው በረራ ከመሆኑ በፊት ሦስት ጊዜ ያለ ሞተር ወርውሯት።